በስውር ሸማችነት ተጨማሪ ገቢ ማግኘት፦ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይተርፈኛል። ይህንን ጊዜ ጥቂት ገቢ በሚያስገኝ ነገር ላይ ላውለው አስቤ ሳፈላልግ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ ወደ መደብር፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ሆቴል ገብቶ የተደረገለትን መስተንግዶ ከታዘበ በኋላ ሪፖርት ስለሚያቀርብ ሰው፣ ማለትም ስለ "ስውር ሸማች" አነበብኩ፤ በእንግሊዝኛው አጠራር "ሚስተሪ ሾፐር" የሚባለው ነው። ትንሽም ብትሆን ጉድለት ከዓይኔ የማታመልጥ ሰው ስለሆንኩ ሥራው ይስማማኛል የሚል ተስፋ አደረብኝ።

ሆኖም የሥራ ፈላጊ መረጃዬን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ባሰፈርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ምንም ማመልከቻ ካላስገባሁበት ድርጅት "ተመርጠዋል" የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። መልእክቱ ቼክ በፖስታ እንደሚላክልኝ ከገለጸ በኋላ፣ ቼኩን በባንክ ሒሳቤ አስገብቼ የራሴን ድርሻ እንዳስቀር፣ በቀሪው የስጦታ ካርዶች (ገንዘብ አስቀድሞ የተሞላባቸው የመገበያያ ካርዶች) እንድገዛ፣ ከዚያም የካርዶቹን ጀርባ ፍቄ የምስጢር ቁጥሮቹን በፎቶ እንድልክ ያዝዛል። ይህ ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ የሚገመገመውም ካርዶቹን የሚሸጥልኝ ገንዘብ ተቀባይ መስተንግዶ ነው ተብያለሁ። ቼኩ ትናንት ደርሶ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ፊርማው ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት የውሃ ምልክት ሳይቀር የሚታይበት በመሆኑ እውነተኛ ይመስላል።

ይህ አሠራር በዚህ ሙያ የተለመደ ነው ወይስ ማጭበርበር ነው? ማጭበርበር ከሆነስ እውነተኛውን ሥራ የሚሰጡት እነማን ናቸው፤ ከእነርሱ ዘንድ የሚመዘገቡትስ እንዴት ነው? ለሚገዛው ዕቃ ገንዘቡ ከኪሴ ነው የሚወጣው? ገቢውስ ከልፋቱ ጋር ይመጣጠናል? ሥራውን በእርግጥ የሠራችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ይኖርብኛል።


ዘጠኝ ዓመት በሥራው

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቼኩን ወደ ሒሳብዎ እንዳያስገቡት። የደረሰዎት ነገር በዚህ ሙያ ስም ከሚፈጸሙት ማጭበርበሮች እጅግ የታወቀው ሲሆን፣ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለዚሁ ዘዴ ሕዝቡን ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ዘዴው የሚሠራው ባንኮች ቼክ የሚያስተናግዱበትን መንገድ ተጠግቶ ነው። ባንኩ ቼኩን ሲቀበል ገንዘቡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በሒሳብዎ ላይ እንዲታይና እንዲወጣ ሊፈቅድ ይችላል፤ ይህ ግን ቼኩ ተከፍሏል ማለት አይደለም። ቼኩ ወጣበት ወደተባለው ባንክ ሄዶ ሐሰተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። እርስዎ በዚህ መካከል ካርዶቹን ገዝተው ቁጥሮቹን ልከዋል፤ ተቀባዩም ወዲያውኑ አራግፏቸዋል። ቼኩ ውድቅ ሆኖ ሲመለስ ባንኩ ገንዘቡን ከእርስዎ ሒሳብ ላይ ያነሳል፣ የጎደለውም የእርስዎ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የ48 ሰዓቱ ጥድፊያ የመጣው ከዚህ ነው፤ አጭበርባሪው የሚሽቀዳደመው ከባንኩ ጋር ነው። በስጦታ ካርድ ፈንታ በሐዋላ ድርጅት በኩል ገንዘብ እንዲልኩና "የሐዋላውን አገልግሎት እንዲገመግሙ" የሚጠይቅም አለ፤ ልብሱ ይለያይ እንጂ ገላው አንድ ነው።

እውነተኛ ድርጅት ሥራ ሳይሠሩለት ገንዘብ አይልክልዎትም። በእኛ ሥራ ቅደም ተከተሉ ምንጊዜም አንድ ነው፦ ሥራውን ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሪፖርት ያስገባሉ፣ ሪፖርቱ ተመርምሮ ይጸድቃል፣ ከዚያ ይከፈልዎታል። ይህንን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ማንኛውም ሰው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና ወይም "ለድርጅቶች ዝርዝር" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅም ቢሆን የሚሸጥልዎ በነጻ የሚገኘውን ነገር ስለሆነ ይለፉት።

አሁን ወደ እውነተኛው ሥራ ልምጣ። አገልግሎቱን ማስገምገም የሚፈልገው ባንክ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ብዙ ቅርንጫፍ ያለው መደብር እርስዎን በቀጥታ አይቀጥርም። ሥራውን ለአንድ የጥናት ድርጅት ይሰጣል፤ ድርጅቱ መጠይቁንና መመሪያውን ያዘጋጃል፣ ሥራ መዳቢ የሚባለው ሠራተኛው ቦታውንና ቀኑን ለሸማቾች ያከፋፍላል፣ ሸማቹ የላከውን ሪፖርት ደግሞ አራሚ አንብቦ ለደንበኛው ያሳልፋል። እርስዎ የጥናት ድርጅቱ ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆኑ በእያንዳንዱ ሥራ የሚዋዋሉ ተቋራጭ ነዎት፤ በመሆኑም የዓመት ፈቃድ፣ ቋሚ ደመወዝም ሆነ የተረጋገጠ የሥራ ብዛት የለም። በነገራችን ላይ "ሚስተሪ ሾፒንግ" የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዊልማርክ ከተባለ የአሜሪካ ድርጅት ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚያን ጊዜ ዓላማው በአብዛኛው የሠራተኞችን ታማኝነት መፈተሽ፣ በግልጽ አማርኛ ከካዝናው የሚሰርቅ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነበር። የዛሬው ሥራ ከዚያ የራቀ ቢሆንም ብዙ ሰው ስለላ አድርጎ የሚያስበው በዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኞቹን ድርጅቶች ለማግኘት ቀላሉ መንገድ በምህጻረ ቃል ኤም.ኤስ.ፒ.ኤ የሚባለውን የዘርፉን የሙያ ማኅበር ድረ ገጽ መመልከት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ሲሆን የአሜሪካ አህጉራት፣ የአውሮፓና አፍሪካ፣ እንዲሁም የእስያና ፓሲፊክ ክፍሎች አሉት፤ አባል ድርጅቶቹንም በዝርዝር ያወጣል። አንድ ድርጅት ሲጽፍልዎ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ፤ ስሙን ራስዎ ፈልገው የድርጅቱን ገጽ ያግኙና ሥራው እዚያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅቶችን ስምና አርማ ይሰርቃሉና። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ የኢሜይል አድራሻ ቢከፍቱም ይጠቅምዎታል፤ የሥራ ማስታወቂያው ቀን ከሌት ይጎርፋል።

አንድ ድርጅት ብቻውን በአካባቢዎ በቂ ሥራ ላይኖረው ስለሚችል በአምስት ወይም በስድስት ድርጅቶች ይመዝገቡ። የመመዝገቢያ ቅጹ ዕድሜዎን፣ መኪና ያለዎት መሆን አለመሆኑን፣ መነጽር ማድረግዎን፣ ልጆች እንዳሉዎት ይጠይቃል። ይህ ለተራ ወሬ አይደለም፤ የመነጽር መደብር የሚገመግመው በእርግጥ መነጽር የሚያደርግ ሰው መሆን ስላለበት ነው። አንዳንዶቹ አጭር የጽሑፍ ናሙና ያስጽፋሉ፤ እዚያ ላይ አይቸኩሉ፣ ሥራ መዳቢው ስለ እርስዎ የሚያውቀው ያንን አንቀጽ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ወር ከኪስዎ ምንም የማያስወጡ ሥራዎችን ብቻ እንዲወስዱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ለምሳሌ ወደ ጥሪ ማዕከል ደውሎ መረጃ መጠየቅ፣ ወይም ባንክ ገብቶ ሒሳብ ስለመክፈት ማነጋገር። ግዢ ያለባቸው ሥራዎች ላይ አዎ፣ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ በመመሪያው እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከክፍያው ጋር ይተካልዎታል። ክፍያው ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን ስለሚቆይ ገንዘብዎ እስከዚያው ታስሮ ይቆያል። ብዙ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ሪፖርት ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጥሩ ነጥብ ሲጠራቀምልዎ የተሻለ ክፍያ ያላቸው ሥራዎች ይቀርቡልዎታል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ያልተያዙ ሥራዎች ላይ ጭማሪ እንደሚታከልም ልብ ይበሉ። እኔ ራሴ የወሩን የመጨረሻ ሳምንት ለዚሁ ብዬ ነጻ አደርጋለሁ።


ሪፖርት አራሚ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። እኔ በሌላው በኩል፣ ማለትም ሸማቾች የሚልኩትን ሪፖርት አንብቦ በማጽደቅ ወይም በመመለስ ሥራ ላይ ስለቆየሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂዋ "ጉድለት ከዓይኔ አታመልጥም" ብለዋል። እኔን እንደ አራሚ የሚያሳስበኝ ግን ጉድለት የማየት ችሎታዎ አይደለም፤ ያዩትን በቦታው ላልነበረ ሰው ማስረዳት መቻልዎ ነው። ድርጅቱ የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ ሸመታው ምክንያት ብቻ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። ከጀማሪዎች ከሚመጡት ሪፖርቶች አብዛኛዎቹ "ሠራተኛዋ ትሕትና አልነበራትም፤ አገልግሎቱም እጅግ ቀርፋፋ ነበር" የሚሉ ናቸው። ይህንን መልሼ እልከዋለሁ፤ ምክንያቱም ሸማቹ የነገረኝ የተሰማውን እንጂ የሆነውን አይደለም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ "ትሕትና አልነበራትም" የሚለውን ይዞ ከሠራተኛዋ ጋር ሊነጋገር አይችልም። በአንጻሩ እንዲህ የሚል አንድ ሪፖርት ደርሶኝ ያውቃል፦ "ወደ ባንኮኒው ከቀረብኩ በኋላ ሠራተኛዋ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ስልኳን ስትመለከት ቆየች። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ቀና ስትል ሰላምታ ሳትሰጠኝ 'ምን ነበር?' አለችኝ።" በዚህ ውስጥ አንድም የቁጣ ቃል የለም፤ ነገር ግን አንባቢው የራሱን ፍርድ ለመስጠት የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። "አሰልቺ"፣ "ደስ የሚል"፣ "መጥፎ" የሚሉትን ቃላት ከሪፖርትዎ ሲያወጡ ምን እንደሚቀር ይመልከቱ። ምንም ካልቀረ ገና አልጻፉም ማለት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር መጠይቁና ትረካው እርስ በርሳቸው መጣላታቸው ነው። "ሠራተኛው ስሙን ነግሮ ራሱን አስተዋውቋል?" ለሚለው ጥያቄ "አዎ" የሚል ምልክት ተደርጎ፣ ከታች ትረካው ላይ "ስሙን ደረቱ ላይ ካለው ባጅ አነበብኩ" የሚል ይመጣል። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ግን ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ስለሆነ ሪፖርቱን ማለፍ አልችልም።

ጀማሪዎችን የሚያስጨንቃቸው ሰዓት መያዝ ነው፤ በሰው ፊት የእጅ ሰዓት እየደጋገሙ ማየት ያስታውቃልና። ልምድ ያላቸው ሸማቾች መልእክት የሚጽፉ መስለው ለራሳቸው አጭር መልእክት ይልካሉ፤ "ገባሁ"፣ "ሰላምታ"፣ "ተራዬ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ስትላክ ስልኩ ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል። ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት ደግሞ የክፍያውን ቅጽበት ያረጋግጥልዎታል። የሰው ስም፣ የፀጉር ሁኔታ፣ ግምታዊ ቁመት የመሳሰለውን ከወጡ በኋላ ወዲያውኑ ይጻፉት፤ ይሁን እንጂ ከመደብሩ በር ላይ ቆመው አይጻፉ፤ በመስታወት እየታየ የሚጽፍ ሸማች ስውር አይደለም። ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጉብኝቱ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መግባት ስላለበት፣ በማግስቱ ጠዋት ሥራ የሚበዛብዎ ከሆነ ማታ የሚደረግ ጉብኝት አይውሰዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ያልሄዱበትን እንደሄዱ፣ ያልቆጠሩትን እንደቆጠሩ አድርጎ መጻፍ የሚያዋጣ ይመስላል። ደንበኛው ድርጅት ግን የራሱ ካሜራ፣ የሽያጭ መዝገብና የሠራተኞች የፈረቃ ሰሌዳ አለው። በዕለቱ ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ ስም የጠቀሰ ሸማች አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ስሟን ከቀድሞ ጉብኝቱ አስታውሶ የጻፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ከእኛ ዘንድ ሥራ አላገኘም።


የተውኩት ሰው

እኔ ይህንን ሥራ ለሁለት ዓመት ያህል ሠርቼ የተውኩት ስለሆንኩ ሌላውን ገጽታ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። ማስታወቂያዎቹ "20 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ጉብኝት" ይላሉ። እውነት ነው፣ ጉብኝቱ 20 ደቂቃ ነው። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ ሰዓቴን መዝግቤ ያገኘሁት አማካይ እንዲህ ነበር፦ መመሪያውን ለማንበብ 25 ደቂቃ፣ ለመንገድ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ፣ ለጉብኝቱ 20 ደቂቃ፣ ሪፖርቱን ለመጻፍና ደረሰኙን ለመጫን 70 ደቂቃ። ድምሩ 165 ደቂቃ ወይም 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ በሳምንት ስድስት ሰባት ሰዓት ካለዎት የሚወጣልዎ ከሁለት ሥራ አይበልጥም። ክፍያውን ለ20 ደቂቃ ሲያካፍሉት ያማረ የመሰለው ለ165 ደቂቃ ሲካፈል ምን እንደሚመስል ራስዎ ያስሉት፤ የትራንስፖርቱን ወጪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማንም አይተካልዎትም።

ከሁሉ የባሰው ያበሳጨኝ አንድ የምግብ ቤት ሥራ ነበር። መመሪያው ጉብኝቱ በተወሰነ የምሳ ሰዓት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ያዝዝ ነበር። እኔ በጊዜው ገብቼ፣ በጊዜው አዝዤ፣ በጊዜው በልቼ ሳለ ሒሳብ የምትቀበለው አስተናጋጅ ዘግይታ መጣችና ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት ከገደቡ በ4 ደቂቃ አለፈ። የዘገየችው የምገመግማት ሠራተኛ ራሷ እንደነበረች በሪፖርቱ ብገልጽም ሥራው ውድቅ ተደረገ፤ ክፍያውም ሆነ የምግቡ ሒሳብ አልተተካልኝም። የጻፍኩት አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። እንግዲህ ተቋራጭ መሆን ማለት ይህ ነው።

ሌላው ነገር የገንዘብ አይደለም። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ባጇ ላይ ከስሟ በታች "ተለማማጅ" የሚል ተለጥፎባት ነበር። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ሳንቲማቸው ወለሉ ላይ ሲበተንባቸው ከባንኮኒው ወጥታ፣ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቅማ ሰጠቻቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የደንበኝነት ካርድ እንዳለኝ ሳትጠይቀኝ ቀረች። መጠይቁ "ካርድ ጠይቃለች?" የሚል ጥያቄ እንጂ ስለተበተነው ሳንቲም የሚያነሳ ሳጥን አልነበረውም። እውነቱ ነውና "አይ" ብዬ ሞላሁ፤ ስሟንም ጻፍኩ። ያንን ሪፖርት ከላክሁ በኋላ ሥራውን በሙሉ ልብ ሠርቼው አላውቅም።


ሪፖርት አራሚ

ለወንድማችን፦ ስለ 4 ደቂቃው የደረሰብዎት አግባብ አልነበረም፤ በእኔ እጅ ቢሆን አሳልፈው ነበር። ቢሆንም ሰዓቱ ሊያልፍ ሲል ወደ ሥራ መዳቢው ደውሎ ማሳወቅ በብዙ ቦታ ሥራውን ያድናል። ስለ ተለማማጇ ግን በየሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የሚገኘው "ተጨማሪ አስተያየት" የሚለው ክፍት ቦታ ለዚሁ ነው የተተወው። ስለ ሽማግሌው ሳንቲም እዚያ ቢጽፉት ኖሮ ሥራ አስኪያጇ ታነበው ነበር፤ እንዲህ ያሉ አንቀጾች ወደ ደንበኛው ሲተላለፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚህም ሌላ ኤሶማር የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ባለሙያዎች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ግምገማ ሊደረግባቸው እንደሚችል ከአሠሪያቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ይመከራል። ሁሉም አሠሪ ይፈጽመዋል አልልም።


ጀማሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቼኩን ለማስገባት ሳይሆን ለማሳየት ወደ ባንኬ ወስጄው ነበር። የባንኩ ሠራተኛ ቼኩ ላይ ወደተጻፈው ባንክ፣ በቼኩ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራሱ ፈልጎ ባገኘው ቁጥር ደውሎ ካጣራ በኋላ በዚያ ቁጥር የወጣ ቼክ እንደሌለ ነገረኝ። የቼኩን ቅጂ አስቀርቶ ለፖሊስ እንዳመለክት መክሮኛል። ወደ ኢሜይሉ ላኪ ምንም አልመለስኩም፤ እርሱ ግን እስካሁን በቀን ሁለት ጊዜ "ለምን ዘገዩ?" እያለ ይጽፍልኛል።

በአራት ድርጅቶች ተመዝግቤያለሁ። ከቀረቡልኝ ሥራዎች አንዱ ውይይቱን በድብቅ በድምፅ መቅዳት ይጠይቃል፤ ይህ ሕጋዊ ነው? ግብርስ እንዴት ይታያል? በመጨረሻም፣ ሠራተኛው "እርስዎ ስውር ሸማች ነዎት?" ብሎ ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ?


ዘጠኝ ዓመት በሥራው

ቼኩን በማሳየትዎ ደስ ብሎኛል፤ ለላኪው አለመመለስዎም ትክክል ነው።

ድምፅ መቅዳትን በተመለከተ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዳንድ ቦታዎች ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ፣ ማለትም የእርስዎ የራስዎ ፈቃድ ይበቃል፤ በሌሎች ደግሞ የሁሉም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ውስጥ የአንዱ ወገን ፈቃድ ሲበቃ በካሊፎርኒያ ምስጢራዊ ውይይትን ለመቅዳት ሁሉም መስማማት አለባቸው። "ድርጅቱ አዝዞኛል" የሚል መከላከያ እንደማያድንዎ ያስቡ። ሠራተኞቹ በጽሑፍ ፈቃድ መስጠታቸውን ድርጅቱ በኢሜይል እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ ካላረጋገጠ ሥራውን ይተዉት። ለጀማሪ በድምፅም ሆነ በቪዲዮ የሚቀዳ ሥራ ገና ነው።

ግብሩ እንደማንኛውም የግል ሥራ ገቢ ይታያል። ድርጅቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ቀንሰው ስለማይከፍሉ ማስታወቁ የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀኑን፣ ድርጅቱን፣ ክፍያውን፣ የተተካልዎትን ወጪና የተጓዙትን ርቀት በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡ። ይህ ሠንጠረዥ ከግብሩ በላይ የሚጠቅምዎ ማን በጊዜው እንደሚከፍልና ማን እንደሚያጓትት ስለሚያሳይዎት ነው። የደረሰኞቹንም ዋና ቅጂ ክፍያው እስኪገባ ድረስ አይጣሉ።

"ስውር ሸማች ነዎት?" ብለው ቢጠይቁዎ፣ ሲመዘገቡ የፈረሙት የምስጢር ጥበቃ ውል እንዳይገልጹ ያስገድድዎታል። መሐላ ውስጥ መግባት ግን አያስፈልግም። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ "ምን ማለት ነው እርሱ?" ብዬ ወደ ጥያቄዬ ተመለስኩ። ሰው የሚነቃብን መመሪያውን በቃላችን ይዘን እንደ ተማሪ ስናነበንብ ነው። ሊገዙት የሚችሉትን፣ በእርግጥ የሚያስፈልግዎትን ነገር ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ማስመሰል አይኖርም። ወደ አንድ ቅርንጫፍ ቶሎ ቶሎ እንዳይመላለሱም ድርጅቶቹ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን የሚደርስ ገደብ ያደርጋሉ። ዘመድዎ ወይም ጓደኛዎ የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ ከነጭራሹ አይቀበሉ።

ከወንድማችን ስሌት ጋር አልጣላም፤ ለአንድ ነጠላ ጉብኝት ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ የማተርፈው ሥራዎቹን በአንድ መንገድ ላይ ስለምደረድራቸው ነው። በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ አቅጣጫ አራት ጉብኝት ስይዝ የመንገዱ 50 ደቂቃ ለአራት ይካፈላል፤ ተመሳሳይ መጠይቅ ከሆነም መመሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ አነባለሁ። ይህ የሚቻለው ግን ሥራ መዳቢዎቹ ካመኑዎት በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ገቢው እንደ ሰዓት ደመወዝ ቢታይ የሚያስከፋ እንደሆነ አልደብቅዎትም።


ጀማሪዋ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የድምፅ ቅጂውን ሥራ ትቼ፣ ለአንድ የጥሪ ማዕከል በሦስት የተለያዩ ቀናት ደውዬ ስለ አገልግሎቱ መጠየቅ ያለበትን ሥራ ወሰድኩ። ከቤቴ አልወጣሁም፣ ከኪሴም ከስልክ ሒሳብ በቀር ምንም አላወጣሁም። የመጀመሪያውን ሪፖርት ስጽፍ ጠንቅቄ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን አራሚዋ መልሳ ላከችልኝ። "ስልኩ እስኪነሳ ብዙ ቆየሁ" ያልኩትን አስምራበት፣ ከጎኑ "ብዙ ስንት ነው?" ብላ ጽፋለች። ባለማስታወሴ አፈርኩ፤ እርሷ የጠየቀችኝን ለመመለስ የስልኬን የጥሪ መዝገብ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረኝም፣ እርሱም የጠቅላላውን ጥሪ ርዝመት እንጂ የጥበቃውን አይናገርም። ያላወቅሁትን እንዳላወቅሁት ጻፍኩ፤ ከ10 ነጥብ 6 ተሰጠኝ።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጥሪ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ የሰዓት መቁጠሪያ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስልኩ 4 ጊዜ ከጠራ በኋላ ተነሳ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሙዚቃ አሰሙኝ። ሦስተኛው 2 ጊዜ ከጠራ በኋላ ነው የተነሳው፤ ያነሳው ሠራተኛ ስሙን በጣም አፍጥኖ ስለተናገረው እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት፤ እርሱም ሳቅ ብሎ ደገመልኝ። መሳቁንም ጽፌዋለሁ። ክፍያው ገና አልገባም።